በጎን የተሣለው ሹም

ፓሪስ፣ ሐምሌ ፳ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለአለቃ ኃይለገብርኤል
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር

ሕፃኑን ከእሳት ያወጣ አምላክ እርስዎንም ቤትዎንም ጠብቆ ይህ ወረቀት በጤናዎ ይድረስዎ። እኔ ከናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። ድምፅዎን ከሰማሁ ግን ዓመት አለፈኝ። በየካቲት በከተማችን ላይ ስለ ወረደው መዓት እዚህ ጋዜጣ ላይ አራት መስመር አንብቤ ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። እንዴት ሆናችሁ? ጦቢያ ደኅና ናት? መዝገቡስ? ያ ልጅዎ ሁለት ጊዜ ጽፌለት አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ታዲዎስ ሰነፍ ብሎሃል ይበሉልኝ።

ይህን የሚያደርስልዎ በጅቡቲው ባቡር ላይ የሚሠራው የለገሃሩ ቡልቻ ነው። መልስዎንም ከእርሱ በቀር ለማንም አይስጡ። ፖስታ ቤቱ ዛሬ የማን እንደ ሆነ ያውቁታል።

አጎቴ፣ ብዕር ያነሣሁት ያየሁትን ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ነው። እዚህ መንግሥታት ሁሉ ቤት ቤት ሠርተው ሥራቸውን የሚያሳዩበት ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቷል። ከእስፓኞቹ ቤት ስገባ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሥዕል ገጠመኝ። ቀለም የለውም፤ አመድና ከሰል ብቻ ነው። በአውሮፕላን የተደበደበች ከተማ ናት አሉኝ። አንዲት እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ ወደ ላይ ትጮኻለች። ፈረሱም ይጮኻል። እኔን ክው ያደረገኝ ግን ዓይናቸው ነው። ፊታቸው በጎን ነው፤ ዓይናቸው ግን ሁለት ነው! ሁለቱም ባንድ ጉንጭ ላይ ተደርድረዋል።

ብሩሽ ያስያዙኝ ቀን ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ሕግ "ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን ባንድ ዓይን" የሚል ነበር። ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው? ሠዓሊው ይመርቃቸዋል ወይስ ይረግማቸዋል? እግሬ እስኪዝል ቆሜ አየኋቸው። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።

ልጅዎ ታዲዎስ


አዲስ አበባ፣ መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለታዲዎስ

የእኅቴ የእናትህ ጸሎት ከክፉ ይሰውርህ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። ወረቀትህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስት ጊዜም አማተብኩ። በጎን ሆኖ ሁለት ዓይን? ምነው ልጄ! እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ዲያብሎስን ስሥል ሁለተኛ ዓይን ሰጥቼው አላውቅም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሠዓሊው ታሞ እንደ ሆነ አጣራልኝ። በእኛ ዘንድ ዓይን ያለ ምክንያት አይጨመርም፣ ያለ ምክንያትም አይቀነስም። ፊደል የማይለይ ገበሬ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማን ወዳጁ ማን ጠላቱ እንደ ሆነ የሚያውቀው በዓይን ነው። እሱን ካደናገርከው ምን ሠራህለት?

ስለ እኛ ጠይቀሃል። ጦቢያ አድጋለች፤ ምላሷም አብሮ አድጓል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ሁላችንም እግዚአብሔር ባኖረን ቦታ አለን።

ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከማን እንደ ሆነ ስትሰማ ትደነግጣለህ። ከእኛ ሰፈር ማዶ ጣሊያኖች ለሹሞቻቸው ካዛ ኢንቺስ የሚሉትን ቤት እየደረደሩ ነው፤ ሕዝቡ ካዛንቺስ ይለዋል። ከዚያ ሲኞር ፓርዲ የሚባል መንገድ የሚያሠራ ሹም አስጠራኝ። ሥዕል እወዳለሁ ባይ ነው። ለሳሎኑ ግድግዳ፣ እሱ መንገድ ሲያሠራ የሚያሳይ ሥዕል "በአገሬው አሣሣል" ሥራልኝ አለኝ። አስተርጓሚው ተከስተ የሚባል የአስመራ ልጅ ነው። እምቢ ማለት ይቻላል ወይ ብዬ በጆሮው ብጠይቀው መሬት መሬት አየ። እኔም ሸራዬን አጥቤ ሙጫዬን ጣድኩ።

አንድ ነገር ቸግሮኛል። ሰማያዊ ቀለም ከገበያ ጠፍቷል። የልብስ ማጠቢያውን ሰማያዊ በጥብጬ ብሞክር ሰማዩ የታጠበ ነጠላ መሰለብኝ። ካገኘህ ሰማያዊ ላክልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትህ ኃይለገብርኤል


ፓሪስ፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ

እንደ አባት ለማያልቀው ምርቃትዎ አሜን ብዬ ጎንበስ እላለሁ። ይህን ወረቀት ተከትሎ ስድስት ቱቦ ሰማያዊ ይመጣል። በዘይት የተለወሰ ስለ ሆነ ቶሎ አይደርቅም፤ ከደረቀ በኋላ ግን ውኃም ኖራም አያሸንፈውም።

ሠዓሊው አልታመመም። እዚህ አሣሣል እንደ ሃይማኖት ነው፤ በየጊዜው አዲስ ይሰበካል። አውሬዎቹ የሚባሉ ነበሩ፤ የሴት ፊት አረንጓዴ ይቀባሉ። በሕልማቸው ያዩትን የሚሥሉ አሉ፤ ክንዱ ላይ ቅርንጫፍ የበቀለበት ሰው አየሁ። በነጭ ሸራ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ሥሎ ጨረስኩ ያለም አለ። ያንን በጎን ያሉትን ሁለት ዓይን የወለደው ኪዩቢዝም የሚሉት ነው፤ አንድን ነገር ከፊትም ከጎንም ከላይም ባንድ ጊዜ ማየት ማለት ነው። ይህን ሲያስረዱኝ ሳቄ መጣ። የእርስዎ የጸሎተ ሐሙስ ሥዕል ላይ ገበታው ከላይ የታየ፣ ሐዋርያቱ ከፊት የታዩ አይደሉም እንዴ? ለጓደኞቼ ነግሬአቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

የጣሊያኖቹም አላቸው፣ ፉቱሪዝም ይባላል። መኪና፣ አውሮፕላን፣ ፍጥነት ያመልካሉ። ጦርነት ዓለምን ያጠራል ብለው በይፋ ጽፈዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ስማቸውን ከሥዕሉ ግርጌ በትልቁ መጻፍ ነው። በዚህ ከተማ የሚሸጠው ስሙ ነው፤ ሥዕሉ ምርቃት ነው። እርስዎ አርባ ዓመት ሠርተው ስምዎ አንድ ግድግዳ ላይ የለም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

መዝገቡ ተቀይሞኛል? ምን በደልኩት?

ታዲዎስ


አዲስ አበባ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለታዲዎስ

ሰማያዊ ያለበስከኝን አንተን ሰማይን የፈጠረ ጌታ ያልብስህ። ቀለምህ ደርሶኛል። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በእድሜዬ አልነካሁም።

ያ ነጭ በነጭ ላይ የሣለው ሰው ሠዓሊ ሳይሆን ሸራ ነጋዴ ነው። የጣሊያኖቹን ግን አንተ ሰምተሃል፣ እኔ አይቻለሁ። የሲኞር ፓርዲ ሳሎን ውስጥ ከአገሩ ያስመጣው አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። መጀመሪያ የተፈጨ በርበሬ የተደፋበት ሰፌድ መሰለኝ። ቀርቤ ሳየው ከተማ ነው። ከላይ፣ ከአውሮፕላን የታየ ከተማ፣ እየተሽከረከረ የሚቃጠል። ሰዎቹ የት አሉ ብዬ በተከስተ አስጠየቅኩ። ሹሙ ሳቀና "ከዚያ ከፍታ ሰው አይታይም፤ ውበቱም እሱ ነው" አለ። ታዲዎስ፣ ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ። አንተ ከታች የሚሞቱትን አየህ፤ እኔ ከላይ የሚጥለውን አየሁ። ያንተዎቹ ዓይን በዝቶባቸዋል፤ የዚህኛው ምንም ዓይን የለውም። አሁን የእስፓኙን ሠዓሊ ታሟል ማለቴን ትቻለሁ።

ቀጥሎ ያለውን አንብበህ አቃጥል። ለሹሙ ሥዕል ልነድፍ ስቀመጥ በምን በኩል ልሣልህ አልኩት። "በጎን! እንደ ጥንት ነገሥታቶቻችን በገንዘብ ላይ እንዳሉት!" አለ፤ አፍንጫውንም ቀና አደረገ። እኔ ምን ላድርግ? ራሱ ጠየቀ! በጎን ሣልኩት፣ ባንድ ዓይን። መኮንኖቹንም እንደሱ። ድንጋይ የሚያግዙትን ልጆቻችንን ፊት ለፊት፣ ሁለት ሁለት ዓይን፣ ፍጥጥ አድርጌ። የግቢው ሠራተኞች ተራ በተራ መጥተው አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይወጣሉ። ተከስተ ገብቶታል፤ ግን አስተርጓሚ ያልተጠየቀውን አይተረጉምም። ሹሙ በግድግዳው ላይ አስለጥፎ እንግዳ ያበላበታል።

ከድንጋይ ተሸካሚዎቹ መካከል የአንዱን ፊት ባዶ ትቼዋለሁ። ሹሙ ለምን ቢለኝ ዓይን መጨረሻ ላይ ነው አልኩት።

ስለ ስም ያልከውን እርሳ። ሥዕል ላይ ስም መጻፍ ጸሎት ላይ ፊርማ ማኖር ነው። የሚያውቀኝ ያውቀኛል።

አሁን ሰማያዊ አልፈልግም። ስትሄድ ለገሃር ላይ ከመዝገቡ ጋር የተነሣኸው ፎቶግራፍ ካንተ ዘንድ አለ። እሱን ላክልኝ፤ እመልስልሃለሁ።

ኃይለገብርኤል


ፓሪስ፣ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ

ይህ ወረቀት በደስታ ይድረስዎ፤ እኔ በደስታ ነው የምጽፈው። ፎቶግራፉ በውስጡ አለ። መዝገቡ ከፊትዎ ተቀምጦ ሳለ ፎቶግራፉን ምን ሊያደርጉለት እንደ ፈለጉ አልገባኝም፤ ግን ያዘዙትን መጠየቅ ልማዴ አይደለም። የዘገየሁት ከእሱ መለየት ከብዶኝ ነው።

ወረቀትዎን እንዳሉኝ አቃጥያለሁ። ታሪኩን ግን ማቃጠል አልቻልኩም። ቡና ቤት ለሠዓሊ ጓደኞቼ ስነግራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ! "እኛ መልክ በመስበር አዲስ ነገር ፈጠርን ስንል፣ እዚያ አንድ ሽማግሌ በአንዲት ዓይን መንግሥት ይከሳል" አሉ። አንደኛው ትንሽ የሥነ ጥበብ መጽሔት አለው፤ አራት መቶ ሰው እንኳ አያነበውም፣ ያውም በፈረንሳይኛ። እሱ ላይ ጻፍኩት። እዚህ ስም የሌለው ሥዕል ሥዕል አይደለምና ስምዎን ከነማዕርግዎ በጉልህ አሳተምኩ፤ የሹሙን ስም ግን ትቼዋለሁ። አጎቴ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ስምዎ በፓሪስ ተነበበ! ይቆጡኛል፣ አውቃለሁ። ኋላ ግን ይመርቁኛል።

ልጅዎ ታዲዎስ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፳፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ታዲዎስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ምን አደረግህ ልጄ?

ለሲኞር ፓርዲ ከሚላኖ አንድ ወዳጁ ጋዜጣ ላከለት። የእነሱ ጋዜጣ የፈረንሳዮቹን ገልብጦ፣ አዲስ አበባ ላይ ባንድ ዓይን ተሥሎ ሳያውቅ ምሳ የሚያበላ ሹም አለ ብሎ ተሳልቆበታል። ስሙን አልጻፉም። የእኔ ስም ግን አለ፤ ከሹሞቹ ቤት የእኔ ሥዕል ያለው ደግሞ እሱ ቤት ብቻ ነው።

አልመታኝም። ፊቱ ነጭ ሆኖ ጋዜጣውን አሳየኝ። አምስት ወር ሙሉ ጄኔራሎች ከሥሩ በልተዋል፤ ነገሩ ከተወራ የሚዋረደው እሱ ነው። ስለዚህ በምሥጢር ሰባት ቀን ሰጠኝ። ለእሱና ለመኮንኖቹ ሁለተኛ ዓይን ከጨመርኩ ይምረኛል። ካልጨመርኩ ግን በባቡር ከሚሰደዱት ጋር ስሜ ይጻፋል። ስሜ በጣም ተፈላጊ ሆኗል፣ አየህ።

ፎቶግራፉ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ። ዓይኑን ረስቼው ነበር።

ኃይለገብርኤል


ፓሪስ፣ ነሐሴ ፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

አጎቴ፣ አባቴ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምጽፈው። ወረቀትዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ሰባቱ ቀን ካለፈ ወር ሆኖታል። ይጨምሩለት! በጎንም ሁለት ዓይን እንደሚሣል ጽፌልዎት የለ፣ እንደዚያ ያድርጉለት! ዓይን ምንድን ነው? ቀለም ነው እኮ! ለዚያ ለኮራ ፈረንጅ አሥር ዓይን ይሣሉለት፣ እርስዎ ብቻ ይኑሩልኝ። ያንን ጽሑፍ የጻፍኩበትን እጅ ብቆርጠው አይመለስም። ላከብርዎ ብዬ ነው። በእናቴ አጥንት፣ ላከብርዎ ብዬ ነው።

ደግሞ "ዓይኑን ረስቼው ነበር" ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? የማን ዓይን? መዝገቡ የት ነው ያለው? ያችን ቃል ደጋግሜ አነባታለሁ። ጦቢያ፣ ይህን ወረቀት የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ ባንድ መስመር መልሺልኝ።

ታዲዎስ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታዲዎስ

እግዚአብሔር ከድንጋጤ ይጠብቅህ እንዳልል፣ የማስደነግጥህ እኔው ነኝ። ከቻልክ ቁጭ ብለህ አንብብ። ሰው ካለህ ሰው አጠገብህ ይሁን።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። አባባ ዓመት ከስምንት ወር ዝም ያለህ ለዚህ ነው። "እዚያ ብቻውን ነው፣ ማን አብሮት ያለቅሳል? ሰው ሲመጣ ወይ እሱ ሲመለስ፣ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገረዋል እንጂ በፖስታ አይደለም" ብሎ አስማለኝ። እኔ ግን የምልከው ዘመድ የለኝም። መዝገቡ የለም። የካቲት ፲፪ አርብ ከሰዓት ሰንጋ ተራ ያሉ ጓደኞቹን ላይ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሦስት ቀን ከቤት መውጣት አልተቻለም። በአራተኛው አባባ በየመንገዱ እያገላበጠ ፈለገው። ሬሳውን አላገኘንም። አንተ ሰነፍ እያልክ የምትጽፍለትን ሁሉ አባባ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር፣ እንደሚሰማው አድርጎ።

ያ ባዶ ፊት የእሱ ነበር። አባባ የልጁ ዓይን ጠፋበት። አርባ ዓመት ስንቱን ቅዱስ በቃሉ ሲሥል የኖረ ሰው የገዛ ልጁን ዓይን ለመሣል ተቀምጦ እጁ ባዶ ሆነበት። ፎቶግራፉን የለመነህ ለዚህ ነው።

የሆነውን ተከስተ ነግሮኛል። በሰባተኛው ቀን አባባ ብሩሹንና የቀረችውን ቱቦ ይዞ ካዛንቺስ ሄደ። ሹሙ በሩን ዘግቶ፣ እስኪመሽ ጨርስ ብሎ ወጣ። አባባ ፎቶግራፉን ከደረቱ አውጥቶ ከእግሩ ሥር አቆመና ቀኑን ሙሉ ሠራ። እንዲያውም ያዜም ነበር ይላል ተከስተ። ሹሙ ሲመለስ ባዶው ፊት ሞልቷል። መዝገቡ ድንጋዩን ተሸክሞ ፊት ለፊት ያየዋል። ከእግሩ በታች ደግሞ "ኃይለገብርኤል፣ የመዝገቡ አባት፣ የካቲት ፲፪" ተብሎ በሰማያዊ ተጽፏል። ሹሙ "የእኔስ ዓይን?" አለ። አባባ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ "ቀለም አለቀብኝ" አለው።

ተከስተ ይህን ቃል በቃል ተረጎመው። እሱንም ከሥራ አባረውታል።

ሹሙ ወዲያው ሥዕሉን በኖራ አስለቀለቀው። ቀሪው ሁሉ ተሸፈነ፤ አንተ በላክኸው ቀለም የተሠራውን ግን ኖራው አልይዝ አለ። ሦስት ጊዜ አስቀቡት። ሲደርቅ እየተላጠ ሰማዩ፣ ስሙና የመዝገቡ ሰማያዊ ሸሚዝ ተመልሶ ይወጣል። በመጨረሻ ቁም ሣጥን አስጠግተውበታል።

አባባን በነሐሴ መጀመሪያ ከሌሎች ጋር በለገሃር ጫኗቸው። ወዴት እንደ ሆነ አይነገርም። ቡልቻ ድሬዳዋ ድረስ በዓይኑ አይቶታል፤ ከዚያ ወዲያ አያውቅም። ወደ ፉርጎው ሊወጣ ሲል ፎቶግራፉን ሰጥቶኝ፣ እጄን ይዞ ስላንተ ነገረኝ። እንድነግርህ አልፈልግም ነበር፣ ግን የሱ አደራ ነው። "ታዲዎስ ቢጠይቅሽ፣ እሱን ብሥለው ፊት ለፊት ነው የምሥለው በይው" አለኝ።

የሱ ቃል ይኸው። እኔ ጦቢያ ግን ሥዕል አላውቅም። ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ መዝገቡ መሃል ቆሟል፣ አንተ አጠገቡ ነህ። እሱን አያለሁ። ወዳንተ ስደርስ ፊቴን አዞራለሁ። እስክለምድ ጊዜ ስጠኝ፣ ወንድሜ።

ጦቢያ ኃይለገብርኤል